ከኪልት ስር፦ የስምንት ወር የሙታንታ ትምህርቴ

ባለፈው እሁድ የአንዱን የውስጥ ሱሪ ዕድሜ ለሦስተኛ ጊዜ ቀየርኩት። መጀመሪያ «ከ1920 በፊት» ብዬ ጽፌበት ነበር። ቀጥሎ «1930ዎቹ» አልኩት። አሁን ወረቀቱ ላይ «ከ1941 እስከ 1952» ይላል። ከዚህ በኋላ የሚነቃነቅ አይመስለኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። አሮጌ ልብስ የምትሰበስቡ ሁሉ ከኔ ስህተት ተማሩ፤ እኔ ከፍዬበታለሁ።

የምኖረው ኤደንብራ ነው። ኪልት፣ ያ የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ቀሚስ፣ እዚህ በየሰርጉ ይታያል። ቀልዱ ግን ሁሌ ስለ ውስጡ ነው። «ከስር ምን ለብሰሃል?» ይባላል፣ መልሱ «ምንም» ነው፣ ይሳቃል። በ1997 ሆንግ ኮንግ ለቻይና በተመለሰችበት ሰሞን ሰልፍ ላይ የቆመ የብላክ ዋች ክፍለ ጦር ወታደር ኪልቱን ነፋስ ገለበው። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ከኋላው ነበሩ። መልሱ እውነትም «ምንም» ነበር።

ታዲያ እኔ የሌለ ነገር ነው የምሰበስበው? እናቴ በስልክ ስትሰማ ጥያቄዋ ሌላ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ፈረንጅ አገር ድረስ ሄደህ የሰው ሙታንታ ትለቅማለህ?» አለችኝ። ሙታንታ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን እንደ ካናቴራ የመጣልን ልባሽ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ከኪልት ስር የሚለበስ ነገር ግን አለ፤ ድሮም ነበር። የሃይላንድ ዳንስ የሚደንሱ ሰዎች እየዘለሉ እግራቸውን ስለሚያነሱ ጠቆር ያለ ወይም ከኪልቱ ቀለም ጋር የሚሄድ የውስጥ ሱሪ ይለብሳሉ። ግንድ የሚወረውሩት ስፖርተኞችም ቁምጣ ያደርጋሉ። ቀሪው ሰው ደግሞ፣ ቀልዱን ትቶ፣ ብርድ ያውቃል። ችግሩ «የኪልት ሙታንታ» ተብሎ ተለይቶ የተሠራ አሮጌ ልብስ ብዙ አለመኖሩ ነው። ሰዉ ያለውን ነው የለበሰው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ይሄ ልብስ መቼ ተሠራ? በእርግጥስ ከኪልት ስር ተለብሷል? እኔ አራት ወር ሙሉ ሁለቱን እያቀላቀልኩ ነው የደከምኩት።

የጥንቱ መልስ ሸሚዝ ነው። የወንድ ሸሚዝ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ጉልበት የሚወርድ ረጅም ነበር። ጫፉ በእግር መሃል ተጠቅልሎ የውስጥ ልብስ ሥራ ይሠራ ነበር። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ነው። በ1822 ኤደንብራን ሲጎበኝ ኪልት ለበሰ፤ እግሩ እንዳይታይ ደግሞ ከስር የሰው ገላ የሚመስል ሮዝ ታይት አደረገ። ሕዝቡ ሳቀበት። ሠዓሊው ዴቪድ ዊልኪ በኋላ ንጉሡን ሲስለው ታይቱን ዝም ብሎ ተወው። ሥዕልን እንደ ማስረጃ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህቺን ያዙልኝ።

ወደ ሱሪዬ ልመለስ። የገዛሁት ከኢንተርኔት ነው። ሻጩ «አያቴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኪልቱ ስር የለበሰው» ብሎ ጽፎበታል። ሱፍና ጥጥ የተቀላቀለበት፣ ወተት ዓይነት ቀለም ያለው፣ ጭን መሃል ላይ የሚያልቅ ነው። ወገቡ ላይ ላስቲክ የለም። ከፊት ሦስት ቁልፍ፣ ከኋላ ማጥበቂያ ጥብጣብ አለው። እኔም አመንኩ። ላስቲክ የሌለው ሁሉ ጥንታዊ ነው ብዬ አስብ ነበርና።

ይህ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ላስቲክ ወገብ በ1930ዎቹ እየተስፋፋ መጣ፤ እሱ ልክ ነው። ነገር ግን በ1942 ጃፓን ማላያንና ሲንጋፖርን ስትይዝ እንግሊዞች የጎማ ምንጫቸው ተቆረጠ። ላስቲክ ጠፋ። የውስጥ ልብስ ሰፊዎች ወደ ቁልፍና ጥብጣብ ተመለሱ። ስለዚህ የ1943 ሙታንታ ከ1937ቱ ይልቅ አያትየው ሊመስል ይችላል። ላስቲክ ካለ «ከዚህ ወዲህ ነው» ማለት ትችላላችሁ። ከሌለ ግን ምንም ማለት አትችሉም።

ቁልፎቹ ናቸው መጀመሪያ ያጠራጠሩኝ። አጥንት ናቸው ብዬ ነበር። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሳያቸው ግን አጥንት ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦችና ሰረዞች የሉም። ለስላሳ ናቸው። ካሴይን የሚባለው፣ ከወተት የሚሠራው የድሮ ፕላስቲክ መሰለኝ። ያኔ ነው ወደ 1930ዎቹ ያመጣሁት።

ከዚያ እሁድ ዕለት፣ የኋላውን ጥብጣብ ገልብጬ በስልኬ መብራት አግድም ሳበራበት፣ የደበዘዘ ማኅተም ብቅ አለ። ሁለት ክቦች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው ከጎናቸው ቁራሽ የተቆረሰላቸው ድፎ ዳቦ የመሰሉ፣ ቀጥሎ 41 የሚል ቁጥር። እንግሊዞች «አይቦቹ» ይሉታል። ሲሲ41 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨርቅ በኩፖን ሲታደል፣ መንግሥት በቁጠባ እንዲሠራ ያዘዘው ልብስ ላይ የሚመታ ምልክት ነበር። ከ1941 እስከ 1952 ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው። አያትየው በአንደኛው ጦርነት ሊለብሱት አይችሉም ማለት ነው። ሳቅሁ፣ ትንሽም ተናደድኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ይሄ ምልክት የሲቪል ልብስ ነው። የወታደር ዕቃ ላይ የምትፈልጉት ሌላ ነው፣ የዶሮ ዱካ የመሰለ ባለ ሦስት ጣት ቀስት። የመንግሥት ንብረት ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረትም አብሮት ይታተማል፣ ሥራ ያቀላል። ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ ያሉት ላይ ደግሞ ረጅም የኔቶ የዕቃ መለያ ቁጥር ይመጣል። በ8420 ከጀመረ የወንድ የውስጥ ልብስና የሌሊት ልብስ ነው፤ ቀጥሎ 99 ካለ የብሪታኒያ ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን አንድ የሰነፍ ሻጭ ሳጥን ውስጥ «የ1915 ሙታንታ» ላይ 8420-99 አንብቤ ብቻዬን ገበያ መሃል ፈገግ አልኩ።

ስፌት ላይ ትንሽ ከእናንተ ሳልሻል አልቀርም፤ አክስቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ናት። ያቺ ጥቁር ሲንጀሯ ከየት እንደመጣች የገባኝ እዚህ ነው። ሲንጀር ከ1885 ጀምሮ ግላስጎው አጠገብ ክላይድባንክ ውስጥ ግዙፍ ፋብሪካ ነበረው፣ በ1980 ተዘጋ። የሷ ዓይነት መኪና ከላይም ከታችም ክር ይዞ ይቆልፋል፤ አንዱን ብትጎትቱ አይተረተርም። ፋብሪካዎች ግን የሰንሰለት ስፌትም ይጠቀማሉ። የጤፍ ማዳበሪያ አፍ ከትክክለኛው ጫፍ ሲጎተት ትርር ብሎ እንደሚከፈተው ማለት ነው። ይህ ብቻውን ዕድሜ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ልብስ ላይ ሁለት ዓይነት ስፌት ካያችሁ፣ ሁለተኛ እጅ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካም ሁለቱን ሊያቀላቅል ስለሚችል ግን እርግጠኛ አትሁኑ።

ክሩን የማቃጠል ፈተና ደግሞ እወደዋለሁ፣ የጭስ ማንቂያ ደወሉ ሁለት ጊዜ ቢጮህብኝም። ከውስጥ ስፌት ግማሽ ጣት የምታህል ክር ይሳባል፣ በመቆንጠጫ ተይዛ እሳት ይነካታል። ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ነው። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጡና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናሉ። ናይለን በልብስነት ሕዝብ ገበያ የገባው በ1940 የሴቶች ስቶኪንግ ሆኖ ነው፤ በጦርነቱ ወደ ፓራሹት ሄደ። ፖሊስተር በ1941 እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ፣ በብዛት ልብስ የሆነው ግን በ1950ዎቹ ነው። ዶቃ ካገኛችሁ ያ ክር የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው በሉ። ያ ክር ነው ያልኩት፤ ልብሱ አላልኩም።

እስካሁን አሥራ አራት አሉኝ። አምስቱን በእርግጠኝነት ወቅታቸውን እናገራለሁ። ከአምስቱ የምወዳት የሃዊክ ሥሪቷን ነው። ሃዊክ በደቡብ ስኮትላንድ የሹራብ ከተማ ናት፤ ላይል ኤንድ ስኮት የሚባለው ድርጅት ከ1874 ጀምሮ እዚያ ነበር። ያ ከፊት የተገለበጠ ዋይ የመሰለ ስፌት ያለው ፓንት በ1935 ቺካጎ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። የሃዊኩ ድርጅት ደግሞ ከ1938 ጀምሮ በፈቃድ ሠራው። ስለዚህ ታሪኩ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሃዊክ ዋይ ፍሮንት ከ1938 በፊት የለበሰ ሰው የለም። ኪልትም የውስጥ ሱሪም አንድ አገር ሲሠሩ መኖራቸው፣ ሰዉ ግን «ምንም አንለብስም» ማለቱ ያስቀኛል።

ሁለተኛው ጥያቄስ? ከኪልት ስር መለበሱን በምን አውቃለሁ? እስካሁን ጥሩ የምለው ፍንጭ ቁመት ነው። ኪልት ጉልበት መሃል ላይ ያልቃል። በዚያ ዘመን ወንዶች በክረምት የሚለብሱት ረጅሙን ስለነበር፣ ቢለብሱት ከስር ይታያል። አጭር የሆነ ወይም ተቆርጦ ያጠረ ሳገኝ ልቤ ይነሳል። ያንን የሲሲ41 ሱሪ የገዛሁትም በዚህ ነው። ጭን መሃል ላይ ተቆርጦ፣ በእጅ የተቀመቀመ ነው። ሻጩም «ለኪልቱ ብሎ አያቴ ያሳጠረው» ብሎኝ ነበር።

ትናንት ማታ መስኮቱን ከፍቼ ከቅምቅማቱ አንድ ክር ሳብኩ። ከወገቡ የሳብኩት አመድ ነበር የሆነው። ይሄኛው ቀለጠ፣ ዶቃ ሆነ። ማለትም ሱሪው ሲሠራ ረጅም ነበር፤ ያጠረው ከዓመታት በኋላ ነው። ኪልት ደግሞ በ1940 ከውጊያ ልብስነት ወጥቷል። ማን እንዳሳጠረው፣ ለኪልት ይሁን ጉልበቱ አልቆ ይሁን፣ ክሩ አይናገርም። ወረቀቱ ላይ ከዓመቱ ስር «በኋላ የተቆረጠ» ብዬ ጨመርኩና ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ሻጩ ሌላ ሁለት አለኝ ብሏል፣ ፎቶ ልኮልኛል። የኋላ ጥብጣቡን ገልብጦ እንዲያነሳልኝ ጠይቄዋለሁ።