ካፒቴኑን ያልቀሰቀስኩበት ሌሊት

ሥራው ጀልባ ማድረስ ነበር። ባለቤቱ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ እኛ ሦስታችን 12 ሜትር የምትረዝመውን ባለሸራ ጀልባውን ከካናሪ ደሴቶቿ ላስ ፓልማስ ተነስተን፣ አትላንቲክን አሻግረን በካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሲያ ላይ እናስረክባለን። መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል ግድም ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነውና ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ካፒቴናችን ስድሳን የተሻገሩ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ባልደረባችን ይህን ውቅያኖስ ሁለት ጊዜ አቋርጣዋለች። እኔ ግን የብስ ከዓይኔ ተሰውሮ አንድ ሌሊት እንኳ አድሬ አላውቅም ነበር።

የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ስለሆነ የወጣነው ዲሴምበር ሲገባ ነው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬፕ ቨርዴ አቅጣጫ ወረድን፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን የማያቋርጥ ንፋስ ስናገኝ ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ ምዕራብ ዞርን። ተራችን ሦስት ሰዓት ሥራ፣ ስድስት ሰዓት እረፍት ነበር። መሪውን አውቶፓይለት ይይዘዋል፤ ተረኛው በየአሥር ደቂቃው ተነስቶ አድማሱን ዙሪያውን ያያል። በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 20 የባሕር ማይል፣ የሚመጣ የጭነት መርከብ መብራቱ ብቅ ካለ በኋላ አጠገብህ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሊበቃው ስለሚችል በዚህ ቀልድ የለም።

ካፒቴኑ ከወደቡ ሳንወጣ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡን፦ «‹ሸራ እንቀንስ ይሆን?› የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀስቅሱኝ። መልሱን መፈለግ የእኔ ሥራ ነው።»

በዘጠነኛው ቀን ማምሻ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ንፋስ ከኋላ ሲሆን ትልቁ ሸራ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይከፈታል፤ ከሥሩ የሚይዘው ረጅም ብረት ቡም ይባላል። የጀልባዋ ጀርባ ድንገት ዞሮ ንፋሱ ሸራውን በሌላው ወገን ከመታው፣ ቡሙ ከዳር እስከ ዳር በሰው ራስ ቁመት ይጠርጋል። ይህ እንዳይሆን ከቡሙ ጫፍ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ድረስ አንድ ገመድ ይወጠራል። ያ ገመድ አፍንጫው ላይ ካለው የብረት አጥር ጋር ሲፋተግ ከርሞ ላዩ እንደ ባዘቶ ተነፍቶ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ያሰሩት ካፒቴኑ ናቸው፤ እሳቸው ያሰሩትን እኔ ማን ነኝና ነው የምተቸው? ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ተራዬ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ነበር። 8 ሰዓት አልፎ ወደ ኋላ ስዞር ከዋክብቱ ከታች ወደ ላይ እየጠፉ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የዝናብ ደመና የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ራሱን ሳይሆን የሚሸፍነውን ነው የምታየው። ንፋሱ ከ17 ወደ 22 ኖት ወጣ። ሸራ መቀነስ እንዳለብን ያን ጊዜውኑ አስቤያለሁ። ካፒቴኑ ግን ተራቸውን ጨርሰው ጄኔሬተሩን ሲነካኩ ቆይተው ከተኙ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም። ሁለት ጊዜ እስከ መሰላሉ ሄጄ ተመለስኩ። ሳል ይሰማ ነበር፤ ነቅተው ይሆናል፣ ራሳቸው ይመጡ ይሆናል አልኩ። ፈርቻቸው እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። የደከመ ሰው ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነውር ሆኖብኝ ነው። ይሉኝታዬ አብሮኝ ተሳፍሯል።

ከዚያ ዝናቡ ወረደና ንፋሱ 34 ገባ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ይህን በትምህርት አውቀው ነበር፣ በጀርባዬ ግን ያን ሌሊት አወቅሁት። አውቶፓይለቱ አቃተውና ጮኸ። የጀልባዋ ጀርባ ዞረ። ገመዱ እንደ ጥይት ጮሆ ተበጠሰና ቡሙ ከላዬ አለፈ። ተቀምጬ ስለነበር ነው የተረፍኩት፤ ቆሜ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ሸራውን የሚገታው መዘውር ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ፣ ቡሙ ከምሰሶው ጋር የሚገጥምበት ብረትም ተሰነጠቀ። ሳልጠራቸው ካፒቴኑ በውስጥ ሱሪ አጠገቤ ቆመዋል። ሸራውን ለማውረድ ለሦስት አርባ ደቂቃ ፈጀብን።

ሲነጋ መዝገቡን ይዘው መጡ። ቁጣ ስጠብቅ፣

«መጀመሪያ ያሰብከው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉኝ።

«8 ከ10።»

«ገመዱ የተበጠሰውስ?»

«8 ከ35።»

ሁለቱንም ጻፉ። ሲጨርሱ የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ አንስተው እያገላበጡ፣ «ይህ በአንድ ሌሊት የሆነ አይደለም» አሉ። ማታ ማየቴን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ ማየት የነበረብኝም እኔ ነኝ» ብለው ስህተታቸውን ከእኔው በታች በገዛ እጃቸው ጻፉት። ከቁጣው ይልቅ ይኼ አንገቴን አስደፋኝ።

የቀረውን መንገድ በፊት ሸራ ብቻ ሄድን። በቀን 150 ማይል የለመደች ጀልባ 110 ማይል ላይ ቀረች፤ ሦስት ቀን ያህል ዘግይተን ገባን። ባልደረባዬ አሮጌ የውኃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃ ገመዶቹ ብረት በሚነኩበት ቦታ ሁሉ አለበሰቻቸው። እኔ ሁልጊዜ ከመምሸቱ በፊት በእጅ ባትሪ ገመድ ለገመድ እዞራለሁ፤ ያየሁትን ማን ያሰረውም ቢሆን እናገራለሁ።

ካፒቴኑንም ቀሰቀስኳቸው። የመጀመሪያው ሌሊት ደመናው ጥቂት አካፍቶ አለፈ፤ ወጥተው አይተው «እሺ» ብለው ወረዱ። በማግስቱ ሌሊት ሁለት ጊዜ ጠራኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ሌሊት ሳልጠራቸው ትራሳቸውን ይዘው ወጡና መሪው አጠገብ ተኙ።