ከጉልበቱ ክብደቱ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው የትራክተር መግለጫ ብቻ ሆኗል። ሰፊ ማሳ የሚያርሰውን ግዙፍ ትራክተር ማለቴ አይደለም፤ ለመኖሪያ ግቢና ለአነስተኛ ይዞታ ተብለው የሚሠሩትን፣ ከ25 የፈረስ ጉልበት የማያልፉትን ትንንሾቹን ነው። ኩቦታም፣ ጆን ዲርም፣ ማሲ ፈርጉሰንም በዚህ መጠን ያመርታሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙም ከቀለማቸው በቀር የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የናፍጣ ሞተር፣ በእግር ፔዳል የሚታዘዝ የሃይድሮሊክ ማስተላለፊያ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳበት አማራጭ፣ ከኋላ የእርሻ መሣሪያ የሚሰቀልበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ። ልዩነታቸውን የሚነግረኝ ሁሉ ግን በአንድ ቁጥር ይጀምራል፦ የፈረስ ጉልበት። ይኸኛው 18፣ ያኛው 22፣ የዚያ ማዶው 24። አንድ ቁጥር ሲጮኽብኝ ጥርጣሬዬ አብሮ ይጨምራል።

መጀመሪያ ነገር፣ ጉልበቱ የቱ ጋ የተለካ ነው? ሞተሩ ላይ 24 የሚሆነው ከኋላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ ጋ ሲደርስ 18 አካባቢ ይሆናል። የቀረውን የሃይድሮሊክ ፓምፑ፣ ሙቀቱና ማቀዝቀዣው ይወስዱታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ያለ ፍሪሲዮንና ያለ ማርሽ ለውጥ ወደፊትና ወደኋላ በእግር ብቻ የመሄድ ዋጋ ነው፤ በጠባብ ቦታ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያዋጣ ዋጋ ነው። ብቻ ቅርንጫፍ መፍጫም ሆነ አፈር ማለስለሻ የሚዞረው በደቂቃ 540 ጊዜ በሚሽከረከረው በዚያ ዘንግ ስለሆነ፣ ማነጻጸር የሚገባው የዘንጉን ጉልበት ነው። ቁጥሩ 25 ላይ ተሰልፎ የሚቆምበትም ምክንያት አለው። በአሜሪካ የጭስ ልቀት ደንብ ከ19 ኪሎዋት በታች የሆኑ የናፍጣ ሞተሮች ጥላሸትን በተመለከተ ከእነሱ ከፍ ካሉት እጅግ የላላ ገደብ ነው ያለባቸው። 25 የፈረስ ጉልበት ከዚያ መስመር በታች ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ነገሩን የለየልኝ ግን አንድ አሮጌ ትራክተር ነው። በ1939 የወጣው ፎርድ 9ኤን ጉልበቱ ከዛሬዎቹ ትንንሾች ብዙም አይበልጥም፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ክብደቱ ግን ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ነው። የዛሬው ትንሽ ትራክተር ያለ ሎደሩ፣ ማለትም ከፊት ከሚገጠመው ባለ ባልዲ ማንሻ ክንድ ውጭ፣ ከ600 እስከ 700 ቢመዝን ነው። ስለዚህ አሮጌው ማረሻ ይጎትታል፣ አዲሱ ጎማውን ባለበት ያሽከረክራል። መሬት የሚይዘው ክብደት እንጂ ሞተር አይደለም። ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣውን ያመጣው ሃሪ ፈርጉሰንም የተጨነቀው በዚሁ ነበር፤ በማረሻው ላይ የሚያርፈው ጫና የኋላ ጎማዎችን ወደ መሬት እንዲጫን፣ ከዚያ በፊት እንደነበሩት ትራክተሮችም ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲነክስ የፊት ጎማው ተነሥቶ በነጂው ላይ እንዳይገለበጥ። ከሄንሪ ፎርድ ጋር የተስማማውም በእጅ መጨባበጥ ብቻ ነበር፤ የስምምነቱ መጨረሻ ፍርድ ቤት ሆነ እንጂ። ማሲ ፈርጉሰን ከሚለው ስም ግማሹ የእሱ ነው።

እኔ ማረስ አልፈልግም። ሣር ማጨድ፣ አፈርና ጠጠር ማመላለስ፣ የወደቀ ግንድ መጎተት ነው የምፈልገው። ከእነዚህ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሎደሩ ነው። መግለጫው «330 ኪሎ ግራም ያነሣል» ሲል፣ ባልዲው ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ፒን ላይ ለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው አምራች ደግሞ ከፒኑ ግማሽ ሜትር ወደፊት ለክቶ አነስ ያለ ቁጥር ይጽፋል። ሸክሙ የሚቀመጠው ፒኑ ላይ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ነውና የማምነው ሁለተኛውን ነው። የባልዲው የራሱ ክብደት ተቀንሶ እንደሆነም መታየት አለበት። ባልዲው የሚይዘው 0.15 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ሲሞላ ሃምሳ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም፤ እርጥብ አሸዋ ሲሆን ግን ወደ ሦስት መቶ ይጠጋል። ያው ባልዲ፣ ያው ትራክተር።

ሦስት መቶው ከፊት ሲነሣ ደግሞ የኋላው ይቀላል። በአብዛኞቹ በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላ ሁለት ጎማ ብቻ በሚነዳበት ሁኔታ ባልዲ ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የኋላው ጎማ መሬት ሲለቅበት ፍሬኑንም፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሃይድሮሊክ ማስተላለፊያው ጎማውን የሚይዝበትንም ኃይል አንድ ላይ ያጣል። አራት ጎማ መንዳት ለጭቃ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ቁልቁለት ላይ ግን የፊት ጎማዎቹም አብረው ስለሚይዙ ፍሬን ነው። ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት፣ ለምሳሌ የሲሚንቶ ብሎክ፣ የሚሰቀለውም ለዚህ ነው። ጎማ ውስጥ ፈሳሽ መሙላት ይረዳል፤ ሆኖም ከኋላ አክስል አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን አክስል ጭምር ስለሚያቀል እሱን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳስረዳት ቆይቼ፣ «እና ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚዞር ትራክተር ልትገዛ ነው?» አለችኝ። አዎን፣ ልክ እሱን ነው። የመገልበጥ መከላከያው ቅስት ቆሞ ቀበቶ ሳላስር እንዳልነዳም ቃል አስገባችኝ። ቅስቱ ሲታጠፍ ቀበቶው መታሰር እንደሌለበት ስነግራት ደግሞ፣ «እንግዲያው አትጠፈው» ብላ ዘጋችው።

ስለ ጎማ ብዙ አልተጨነቅሁም። የሣር ጎማው እርጥብ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ የእርሻው ጥልቅ ጥርስ ሣሩን ይቦጫጭቃል፤ የመካከለኛውን፣ የኢንዱስትሪ የሚሉትን እወስዳለሁ። በሆዱ ሥር የሚገጠመው ሣር ማጨጃ ጥሩ ያጭዳል፤ ነገር ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ ይበላል፣ ግንድ በምጎትትበት ቀን መፈታት አለበት። የትኛው በቀላሉ እንደሚፈታ በእጄ ካልሞከርሁ በሥዕል አላምንም።

የኋላ መቆፈሪያውን ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ። የሚያምር ዕቃ ነው፤ መቀመጫው ላይ ስወጣም ልጅ ሆኜ ነበር። ነገር ግን እሱ በተገጠመበት የባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣው ሥራ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ የምቆፍረው ጉድጓድ በዓመት አንድ ቢሆን ነው፤ ለዚያ ቀን ባለ መቆፈሪያ መከራየት ይቻላል። የሚተርፈው ገንዘብ ለማመጣጠኛው ክብደትና ለባልዲ ሹካ ይሁን። ከሦስቱ መካከል የያዝሁት ጉልበቱ መካከለኛ የሆነውን፣ ክብደቱ ግን ከሁሉም የሚበልጠውን ነው፤ የመጀመሪያው 50 ሰዓት ሲሞላ ዘይትና ማጣሪያ የሚቀይርልኝ መካኒክም ቅርብ ነው።