ግድግዳው በቀኝ፣ ጩኸቱ በግራ

የኋላ ማርሽ አስገብቻለሁ፤ ግድግዳው በቀኜ ነው። መኪናዬ ግን በግራ ጆሮዬ ነው «ጢጥ ጢጥ» የምትለው። ፍሬቻ ሳበራ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ከኋላ ወንበር ይመጣል፤ አንድ ሰው እዚያ ተደብቆ ምላሱን የሚያጮህ ነው የሚመስለው። ስልክ የደወለልኝ ሰው ከእግሬ ሥር ያናግረኛል። የቀበቶው ደወል ደግሞ ጭራሹን ጠፍቷል፤ በእሱ መጥፋት ያዘነ ተሳፋሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሙዚቃውማ ግሩም ነው! ነገሩን የሚደብቀውም እሱ ነው። ዘፈን ግራና ቀኙ ቢገለባበጥ ማንም ልብ አይልም፤ ግድግዳ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ተራ ድምፅ ይዞ ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ፣ የዚያው ሞዴል ባለ ፕሪሚየሙ (ውዱ የድምፅ አማራጭ) አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው «አምፕ»፣ እና ስፒከር ሲገባ የሚመጣው ጣጣ ይህን ይመስላል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የፍሬቻው፣ የፓርኪንጉና የቀበቶው ድምፅ ሁሉ በቴፑና በአምፑ አልፎ በበሩ ስፒከር ነው የሚወጣው። አንድ ጥንድ ሽቦ ቦታውን ሲስት መኪናው አቅጣጫውን ይስታል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሽቦን በቀለም ማገናኘት ነው። ቡናማውን ከቡናማ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ማሰር ደስ ይላል፤ ያው ፋብሪካ ግን በሞዴል ዘመን ልዩነት ብቻ ቀለሙንም የሶኬቱን ፒን አቀማመጥም ይቀይራል። የሚታመነው ሶኬቱ ላይ የተጻፈው የፒን ቁጥርና የዚያ ዓመት የሽቦ ንድፍ ነው። አንድም የበር ሽፋን ሳይመለስ ቴፑ ላይ ያለውን የግራ-ቀኝና የፊት-ኋላ ማስተካከያ እስከ ጥግ እየወሰዳችሁ አራቱን ማዕዘን ለየብቻ አድምጡ። ሽፋኑ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ማጣሪያ ክሊፕ መስበሪያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አምፑ ራሱ ከመኪናው ጋር ይግባባል ወይ? ሶኬቱ ልክ ገባ ማለት ተግባቡ ማለት አይደለም። ተራው ቴፕ በሆዱ የራሱ አነስተኛ ማጉያ አለው፤ በየቻናሉ በእውነት የሚሰጠው 20 ዋት ገደማ ነው፣ ፊቱ ላይ 50 ተብሎ ቢጻፍም። ባለ ፕሪሚየሙ ቴፕ ግን ያልጎላ ቀጭን ሲግናል ይልካል፣ ወይም ጭራሽ ሽቦውን ትቶ በመስታወት መሰል የብርሃን ገመድ ያወራል። ሞስት የሚባለው ይህ መስመር ቀለበት ነው፤ ቴፑ፣ አምፑ፣ የስልኩ ሳጥን ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚቆሙት። አንዱ እጁን ከለቀቀ ሁሉም ዝም ይላሉ። ገመዱን ከ25 ሚሊሜትር ባነሰ ራዲየስ ማጠፍም ብርሃኑን ያፈሰዋል። በሥራ ላይ ያለ ገመድ ሲነቀል ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ካልታየ ችግሩ ከዚያ በፊት ያለው ዕቃ ወይም ገመድ ላይ ነው፣ ስፒከር መፍታት አያስፈልግም።

አምፑ በኤሌክትሪክ ተገናኝቶም በኮምፒውተር «አለሁ» ካልተባለለት አይሠራም። በፎልክስቫገን ቡድን መኪኖች የድምፅ ሲስተሙ በዲያግኖስቲክ (በኮምፒውተር ምርመራ) አድራሻ 47 ላይ ይገኛል፤ ጌትዌዩ (የመኪናውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ቢኤምደብሊው ላይ ሃይፋይ የሚባለው የድምፅ አማራጭ 676፣ ሃርማን ካርዶን የሚባለው ደግሞ 688 የሚል የአማራጭ ቁጥር ስላላቸው፣ ቁጥሩ በመኪናው መዝገብ ተጨምሮ ኮዲንግ (በኮምፒውተር ማስተዋወቅ) ይሠራል። አንዳንድ መኪኖች ላይማ ከሌላ መኪና የመጣ አምፕ እንደ ሌባ ስለሚቆጠር፣ በአምራቹ ሰርቨር በኩል ካልተፈቀደለት አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ገንዘብ ሳይወጣ በፊት የአምፑን የፓርት ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንብቡ። የሰዳንና የስቴሽን ዋገን አምፕ ከውጭ አንድ መስለው ውስጣቸው የተጫነው የድምፅ ማስተካከያ ሊለያይ ይችላል፤ ለሌላ ጎጆ የተቃኘ አምፕ ባስ በሌለበት ባስ ይፈልጋል።

ወደ ስፒከሩ ስንመጣ ዋናው ነገር ኦም ነው፤ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩ፦ 4 ኦም የተባለው 3.2 እስከ 3.6 ገደማ ያነብባል፣ 2 ኦም የተባለው ከ1.6 እስከ 1.8። የፋብሪካ ፕሪሚየም ስፒከር ብዙ ጊዜ 2 ኦም ነው። «አምፑ እስኪገኝ ስፒከሩን ብቻ ልቀይር» የሚል ሰው 2 ኦሙን ለ4 ኦም ከተሠራ ቴፕ ጋር ሲያስር ቴፑ እጥፍ ከረንት ያወጣል፤ ድምፁ ሲጨምር ይግላል፣ ራሱን ይዘጋል፣ ትንሽ አርፎ ደግሞ ከዘፈኑ መሀል ይመለሳል። ሌላው የቴፕ ገዳይ የስፒከሩን ኔጋቲቭ ከቦዲ ጋር ማሰር ነው። የቴፑ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ወደ 6 ቮልት ገደማ ይዘው ነው የሚቆሙት፤ «ኔጋቲቭ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ቦዲ ላይ ያሰረ ሰው ቺፑን ነው የሚያቃጥለው።

ትዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ደግሞ ለብቻዋ ጉድ ነች። በፕሪሚየሙ አምፕ ለትዊተር የራሷ ቻናል ካላት ዝቅተኛውን ድምፅ አምፑ ራሱ ይቆርጥላታል፤ ያለ አምፑ በቀጥታ ከቴፑ ጋር ከታሰረች ግን ከባሱ ጋር ትታገልና ትሞታለች። ግዴታ ከሆነ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በፖዘቲቩ ላይ በተርታ ይገባል፤ ከ4 ኦም ጋር ወደ 8,500 ኸርዝ ገደማ ላይ ይቆርጣል። የትልቁን ስፒከር ፖላሪቲ (የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ) ለማወቅ ባለ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፤ ሸራው (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ በር ከተገለበጠ ድምፁ አይጠፋም፣ ባሱ ብቻ ይተንናል፣ ሰውየውም «ይሄ ፕሪሚየም የሚባለው ውሸት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ትዊተር ላይ ግን ይህን የድንጋይ ሙከራ አትሞክሩ።

በሩ ላይ ሳቁ ይቀንሳል። የፋብሪካ ስፒከር ብዙ ጊዜ በብሎን ሳይሆን በሪቪት ነው የሚያዘው። የሪቪቱ ራስ በድሪል ሲቆረጥ ከኋላ ያለው ቁራጭ በሩ ሆድ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያም ፍሬን በተያዘ ቁጥር «ቂልጭ» እያለ ይሸኛችኋል። በማግኔት አወጣዋለሁ ትላላችሁ፣ አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት አያየውም፤ የሚያወጣው ቫኩም ነው። አዲሱን ስፒከር ደግሞ ድሪል በሚሠራበት አካባቢ አታስቀምጡ። የብረት ፍርፋሪ በማግኔቱ ተስቦ ሸራው ሥር ይገባና ስፒከሩ ገና ሳይገጠም ጉሮሮው ይከረከራል።

ከሽፋኑ ሥር በሙጫ የተለጠፈው ላስቲክ ወይም ስፖንጅ የዝናብ ውሃ መከልከያ ነው። ቀዳችሁ ከጣላችሁት፣ በመስታወቱ በኩል የሚወርደው ውሃ በበሩ ቀዳዳ ወጥቶ መሄዱን ትቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። በአንዳንድ መኪኖች በሩ ውስጥ የጎን ግጭትን በአየር ግፊት የሚለይ ሴንሰር አለ፤ ክፍት የቀረ ቀዳዳ ሥራውን ሊያዛባው ስለሚችል ላስቲኩን በቡቲል (በሚያጣብቀው ጎማ መሰል ማሸጊያ) መልሳችሁ በደንብ ለጥፉ። ተጨማሪ ሽቦ በበሩና በቦዲው መካከል ባለው ጎማ ውስጥ ያልፋል። መጀመሪያ ግን የበሩ ሶኬት ላይ ባዶ ፒን መኖሩን እዩ፤ ካለ ከጎማው ጋር ከመጋደል ትክክለኛውን ፒን መግዛት ይቀልላል። የሽፋኑን ክሊፕ ለአንድ በር ቢያንስ 5 ትርፍ ያዙ፤ ይሰበራል።

ለትዊተር ሲባል የፊት መስታወቱ ዳር ያለው ፕላስቲክ ከተነሳ፣ ከሥሩ የመጋረጃው ኤርባግ ሊኖር ይችላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቢጫ ሶኬት ያለውን አትንኩ። ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፍ ከተከፈተ የኤርባጉ መብራት ይበራና በዲያግኖስቲክ ካልተሰረዘ አይጠፋም።

አምፑ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ከሆነ 6 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ስጡት፤ ፊውዙ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው እንጂ አምፑን አይደለም። ግራውንዱ (ከቦዲ ጋር የሚታሰረው የአምፑ ኔጋቲቭ ገመድ) የፖዘቲቩን ያህል ይወፍር፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ በተፋቀ ቦታ ይታሰር፤ የቀበቶ ብሎን ላይ ግን በፍጹም። ሞተሩ ሲጋዝ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከመጣ ዲናሞውን ከመክሰስ በፊት ይህን ግራውንድ እዩ።

የመጨረሻው አደጋ ማታ ነው የሚመጣው። አምፑን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ቴፑ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ማግኘት አለበት፤ ከማያቋርጥ 12 ቮልት ጋር ከታሰረ አምፑ አይተኛም። 1 አምፔር ብቻ ቢበላ በ24 ሰዓት 24 አምፔር-ሰዓት ነው፣ ባለ 60 አምፔር-ሰዓቷ ባትሪ በሁለተኛው ቀን ትደክማለች። ቴስተሩን በአምፔር ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተርታ አስራችሁ፣ መኪናውን ቆልፋችሁ 40 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከ50 ሚሊአምፔር በታች መውረድ አለበት። በሩን ከፍታችሁ መለካት ከፈለጋችሁ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቪቴ ገፍታችሁ አዙሩት፣ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ስትጨርሱ ግን እጀታውን ስባችሁ ምላሱን መልሱት፤ በተዘጋ ምላስ በር መዝጋት መቆለፊያውን ማጣመም ነው።