የፊት ግራ ኩሽኔታዬን ሁለት ጊዜ ቀይሬ የተማርኩት

ኩሽኔታ (ቤሪንግ) በውስጥና በውጪ ቀለበቱ መካከል ባሉ ኳሶች ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርግ ዕቃ ነው። የኔው ሲበላሽ ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነው። ከሩቅ የሚያልፍ አውሮፕላን ዓይነት ጉርምርምታ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ጎማ ነው ብዬ ተውኩት። ጎማ አለቅጥ ሲበላ በእርግጥም እንዲህ ይጮኻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። የነቃሁት አስፋልቱ ሲቀየር ነው። የጎማ ድምፅ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ስትገቡ ወዲያው ይለወጣል። የኔው ግን ያው ነበር።

ከዚያ ማጣራት ጀመርኩ። ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ማርሹን ኒውትራል አድርጌ መኪናውን ለቀቅኩት። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ጉርምርምታው እንዳለ ቀጠለ። ስለዚህ ሞተር አይደለም። ቀጥሎ መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝ ሳዞር ድምፁ ጎላ፤ ወደ ግራ ሳዞር ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማዎች ይሄዳል። የተጎዳ ኩሽኔታ ደግሞ ጫና ሲበዛበት ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ግራ።

በክሪክ አንስቼ በመደገፊያ አስቀመጥኩት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግቡ፣ አደራ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም። እዚህ ጋ "ደህና ነው" ብሎ የሚያወርድ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ላወርድ ነበር። ግን አንድ እጄን የሾክ አብዞርበሩ ሞላ ላይ አድርጌ በሌላው ጎማውን ሳሽከረክር ሞላው በመዳፌ ውስጥ ይንዘረዘራል፤ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስላል። የቀኙን በዚሁ መንገድ ስሞክር ጸጥ ያለ ነው። ከሁሉም ምርመራ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ኩሽኔታ ልቅ ከመሆኑ በፊት ገና ሲሻክር ይነግራችኋል።

ጎማው የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ የመሪና የእግር መገጣጠሚያዎችን ተመልከቱ።

የኔ መኪና ኩሽኔታ በፕሬስ (በከባድ ጉልበት በሚገፋ መሣሪያ) ተገፍቶ ቤቱ (አቅፎ የሚይዘው ብረት) ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል ዕቃ ጋር) አንድ ላይ ተሠርቶ በቡሎን ብቻ ይታሰራል፤ ያ ከደረሳችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል። መፍታቱን ባጭሩ ልለፈው። የአክስሉን ትልቅ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላሁ። ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ዕቃ) ፈትቼ በሽቦ ሞላው ላይ አሰርኩት፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ዲስኩን፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰሩን፣ ከዚያ ቤቱን በሙሉ አውጥቼ ፕሬስ ላይ አስቀመጥኩ።

ሞዞው ሲወጣ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ግማሹ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ይህ የተለመደ ነው። በግራይንደር ሞዞውን ሳልነካ ቀለበቱ ላይ ቦይ አወጣሁ። ስካርፔሎ (የብረት መሮ) ደግኜ አንዴ ስመታው ቷ ብሎ ተሰነጠቀና ለቀቀ። ቀለበቱን ጠርጌ ብርሃን ላይ ሳየው ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ብረቱ ተልጦ የምስር ፍሬ የሚያክል ጉድጓድ ሠርቷል። ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። ግራሶው ዝገት ተቀላቅሎበት ቡናማ ሆኗል፤ በሲሉ (ውኃና አቧራ በሚከለክለው ክዳን) በኩል ውኃ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

አዲሱን አስገባሁ። ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያው ጉርምርምታ ተመለሰ።

ዕቃው መጥፎ ነው አልኩ መጀመሪያ። ቁጭ ብዬ ያደረግኩትን ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው። አዲሱን ወደ ቤቱ ስገፋ ፕሬሱን ያሳረፍኩት በውስጥ ቀለበቱ ላይ ነበር። ተጣብቆ የሚገባው የውጪው ቀለበት ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ቶን ጉልበት ከውስጥ ቀለበት ወደ ውጪው የተሻገረው በኳሶቹ በኩል ነው። ኳሶቹ መንገዳቸው ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ ምልክት ትተዋል። በዓይን አይታይም፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ግን እዚያ ላይ ይንገጫገጫል፣ ብረቱም ከዚያ ይላጣል።

ለሁለተኛው ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሠራሁ፦ ጉልበቱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው? ኩሽኔታው ወደ ቤቱ ሲገባ የሚገፋው የውጪው ቀለበት ነው። ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ከሥር መደገፍ አለበት፤ ቤቱን ብቻ ደግፋችሁ ከገፋችሁ ጉልበቱ ተመልሶ በኳሶቹ ያልፋል። ለመግፊያ የተጠቀምኩት የድሮውን ኩሽኔታ የውጪ ቀለበት ነው። ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ እንዳይቀር ዙሪያውን በግራይንደር ትንሽ አሳሳሁት። ልኩ ልክ ነው፣ ገንዘብም አላወጣሁበት።

ሌላው የኤቢኤስ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ኩሽኔታዎች አንደኛው ፊት ላይ ማግኔት አለ፤ ያ ፊት ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ ኩሽኔታውም እንደገና መውጣት ይኖርበታል። ማግኔት ያለበትን ፊት ለመለየት በወረቀት ላይ ጥቂት የብረት ብናኝ አድርጌ ወረቀቱን አስጠጋሁት፤ ብናኙ ወዲያው ተሰለፈ። ከመግፋቴ በፊት የቤቱን ውስጥ ከዝገት አጽድቼ፣ ከገባ በኋላ መያዣ ቀለበቱ በቦይው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን አየሁ።

የአክስሉ ዳዶ አዲስ መሆን አለበት። ሁለቱን የውስጥ ቀለበት ግማሾች አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ በብዙ መኪና ላይ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል፤ ትክክለኛው ልክ የመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ ጎማው ገና ከመሬት ሳይነካ ወንድሜ ፍሬን ረግጦልኝ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) አጠበቅኩት። ዳዶው ሳይጠብቅ የመኪናውን ክብደት ማሳረፍ አዲሱን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ካወረድኩት 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ትናንት ድጋሚ አንስቼ እጄን ሞላው ላይ አድርጌ ግራውን አሽከረከርኩ፤ ምንም አይሰማም። ቀኙን ሳሽከረክር ግን ከሁለት ወር በፊት ያልነበረ ስስ መሻከር አለ። ያሳሳሁት ቀለበት ሳጥኔ ውስጥ አለ።