ግራጫ ለብርድ አገር

የአዲሱ ቤታችን ልስን አልቆ ስቱኮው ከተመታ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ቀለሙን ምን ልታደርጊው ነው?» ይለኛል። መሠረት ሲቆፈር፣ ፌሮ ሲታሰር ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቀለም ላይ ግን የማያውቅ የለም።

ወንድሜ ከዋሽንግተን በቴሌግራም የሚልከው ፎቶ ሁሉ ግራጫ ነው፦ ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ሴራሚክ፣ ጥቁር ቧንቧ። አዲስ አበባም ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በየጎዳናው ዳር ግራጫው በዝቷል። አያምርም አልልም። ቤቱን የምንሠራባት ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳዋ በውርጭ የሚነጣ ከተማ ናት። ከደጅ ብርድ ሸሽቶ የገባን እንግዳ ደግሞ ግድግዳው እንዲያቀዘቅዘው አልፈልግም።

ሱቅ ውስጥ ቆሞ ቀለም መምረጥ ትቻለሁ። በሱቆቹ ነጭ መብራት ሥር ክሬሙም ነጩም አንድ ይመስላል። ትንሽ አስበጥብጬ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ እቀባና ካርቶኑን ከክፍል ክፍል እያዞርኩ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት ሲበራ አየዋለሁ። የሳሎናችን መስኮት ወደ ደቡብ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ሳሎኑ ፀሐይ ሲጠግብ በሰሜን በኩል ያለው መኝታ ቤት ጥላ ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ሞቅ ያለው ክሬም እዚያ ሲገባ ወደ አመድማ ሄደ። ለዚያ ክፍል ትንሽ ቢጫ እንዲጨመርበት አደረግሁ።

ቀለም ቀቢው «ሁሉም ዘይት ቀለም ይሁን፣ ይታጠባል» ባይ ነው። ለሳሎን እምቢ አልኩ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ማታ አምፖል ሲበራ የልስኑን ጉብታ ሁሉ ያጋልጣል። ለኩሽናው ግን እውነቱን ነው፤ የምጣድ እንፋሎትና የቁሌት ቅባት ካልታጠበ አይለቅም።

ወለሉ ላይ ብዙም አልተጨቃጨቅንም። ፎቶ ላይ የሚያምረው 60 በ60 ፖርሰሊን ሙቀትን ከባዶ እግር ቶሎ ስለሚስብ በዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት አይረገጥም። መኝታ ቤቶቹ እንጨት፣ ሳሎኑ ሴራሚክ ሆኖ ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ለመታጠቢያ ቤቱ ሻካራውን፣ የማያዳልጠውን ወሰድኩ። «ሊሾ ምን ነበረው?» አለች እማዬ።

ከመካሪዎቼ ሁሉ የሚሻለው መካሪ እሷ ሆነች። ቀለሙን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ምጣዱን የት ልታደርጊው ነው? ረከቦቱስ?» ብላ ኩሽናውን ትዞረው ጀመር። ኤሌክትሪሺያኑ ያወጣው ሁለት ተራ ሶኬት ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ ወደ 16 አምፔር ነው። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ ከፍሪጅ ጋር አይጋራም። ግድግዳው ቀለም ሳይነካው መጠየቋ በጀን፣ ያለዚያ የተቀባ ግድግዳ ልናስቆፍር ነበር።

ወንድሜ ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ሰፊ ሻወር ካልገዛሽ ብሎኝ ነበር። ሮቷችን፣ የውሃ ታንከሯ፣ ከሻወሩ በላይ ያለችው ሦስት ሜትር ብቻ ነው። በየአንድ ሜትሩ ከፍታ የሚገኘው ግፊት 0.1 ባር ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ 0.3 ባር ነው፤ ያ ሻወር በዚህ ግፊት ያንጠባጥባል እንጂ አይዘንብም። ፓምፕ ግዢ ካላለኝ በቀር የእጁን ሻወር መርጫለሁ። ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ያጥባል።

የቀረው የግቢው የላሜራ በር ነው። እማዬ እንደ ድሮው ቤታችን ሰማያዊ ይሁን ትላለች፤ ባለቤቴ ቡናማ ይላል። ሐሙስ ጸረ ዝገቱ ይቀባል። ከዚያ በላይ ያለውን አማችና አማት ይጨርሱት፤ እኔ ቀለም ሰልችቶኛል።