በነፃ የተሰጠ የልጆች መጽሐፍ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዲደርስ

ለልጆች በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን በነፃ ሲለቁ አብዛኛውን ጊዜ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ያስቀምጡና «በነፃ ነው፣ አውርዱ» ይላሉ። ደግ ሐሳብ ነው። ተቀባዩ የሚፈልገው ግን ከማውረድ ያለፈ ነው። አንዷ አስተማሪ ለክፍሏ 40 ቅጂ ማባዛት ትፈልጋለች፤ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች ከሥሩ እንግሊዝኛ ሊጨምሩበት ይፈልጋሉ፤ ሌላው ወደ አፋን ኦሮሞ ሊመልሰው ያስባል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ አንድ ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሥራ ተጽፎ እንደተቀመጠ ምዝገባ ሳያስፈልገው ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። «አውርዱ» ማለት ማባዛትንና መተርጎምን ይጨምር አይጨምር ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ካላወቀ ይተወዋል።

ስለዚህ ፈቃዱ ተጽፎ መሰጠት አለበት። ለዚህ የተሻለው መሣሪያ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያሉት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ናቸው፤ ማንም ደራሲ መርጦ በነፃ ለሥራው የሚጠቀምባቸው፣ ቃላቸው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፈቃዶች ማለት ነው። ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ለልጆች መጽሐፍ እኔ የምመክረው «ሲሲ ባይ 4.0» (CC BY 4.0) የተባለውን ነው። ስማችሁ እስከተጠቀሰና የተለወጠው ነገር እስከተገለጸ ድረስ ማንም ሰው ማባዛት፣ መተርጎም፣ መሸጥም ይችላል። ብዙዎች መሸጥን ፈርተው «ለንግድ አይውልም» የሚለውን ይጨምራሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ያ ገደብ በትንሽ ትርፍ አሳትሞ ክፍለ ሀገር የሚያደርሰውን አከፋፋይም ያግዳል፤ ሥዕሎቹም የዊኪፒዲያ ምስሎች በሚቀመጡበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ተቀባይነት አያገኙም። ከሁሉም የሚጎዳው «አይለወጥም» የሚለው ገደብ ነው። ትርጉም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር፣ ይህን የመረጠ ደራሲ መጽሐፉ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ እንዳይነበብ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

ፈቃዱን ከመስጠታችሁ በፊት የምትሰጡት የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ሥዕሉን ሌላ ሰው ከሠራው የእሱም ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ገጽ ላይ «ሥዕሎቼ በሲሲ ባይ 4.0 እንዲወጡ ተስማምቻለሁ» ብሎ ቢፈርም ይበቃል። ምስል «ከጎግል የተገኘ» መሆኑ ፈቃድ አይሆንም። የሕዝብ ተረት የማንም አይደለም፤ አንድ ደራሲ በራሱ ቃላት የጻፈው ግን የደራሲው ነው። ተረቱን ከአያቶች አፍ ሰምታችሁ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። ከአሳታሚ ጋር ውል ካላችሁም ውሉን ደግማችሁ አንብቡ። አንዴ የተሰጠ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መልሶ አይነጠቅም።

የፈቃዱ ቃል መቀመጥ ያለበት መጽሐፉ ውስጥ፣ ገጽ 2 ላይ ነው። ከፋይሉ ሥር በቴሌግራም የተጻፈ ማብራሪያ ፋይሉ ወርዶ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄድ አብሮ አይሄድም። እንዲህ ብትሉ በቂ ነው፦ «ጽሑፍ፦ እገሌ። ሥዕል፦ እገሊት። ይህ መጽሐፍ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሲሲ ባይ 4.0 ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወጥቷል። ስማችንን ጠቅሳችሁ፣ የለወጣችሁትን ገልጻችሁ ማባዛት፣ መተርጎምና ማሻሻል ትችላላችሁ።» ከሥሩ የፈቃዱን ድረ ገጽ አድራሻ በሙሉ ጻፉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በስቴፕለር የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። 16 ገጽ ማለት አራት ኤ4 ወረቀት በሁለቱም ወገን ታትሞ መሐል ለመሐል መታጠፍ ነው፤ ሽፋን፣ የፈቃድ ገጽ፣ 12 የታሪክ ገጾች፣ ለአስተማሪ የሚሆኑ ጥያቄዎችና የኋላ ሽፋን ይይዛል። የመጀመሪያው ወረቀት ፊቱ ላይ ገጽ 16 እና 1 ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ጀርባው ላይ 2 እና 15። ማተሚያው ላይ በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ ካልታዘዘ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ሁለት ገጽ የሚሞላ ሥዕል ካላችሁ ቦታው ገጽ 8 እና 9 ነው፤ ሳይቆረጥ በአንድ ወረቀት ላይ የሚወጣው እዚያ ብቻ ነው። አሜሪካ ያሉ ሰዎች የሚያትሙበት ወረቀት ከኤ4 በቁመት 18 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ጽሑፉ ከጠርዙ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ገባ ካለ ግን ችግር የለም።

ሥዕሉ ለአንድ ኤ5 ገጽ (የኤ4 ግማሽ) በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 1748 በ2480 ፒክስል ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚያባዛው በጥቁርና ነጭ እንደሆነ አትርሱ። ፈዘዝ ያለ እርሳስ ፎቶ ኮፒ ላይ ይጠፋል፤ በጥቁር ቡናማ የተቀባ ፊት ዓይንና አፉ አይለይም። ከባለቀለሙ ጋር በመስመር ብቻ የተሠራ ቅጂ ጨምራችሁ ብትለቁ ልጆቹም ይቀቡታል።

ፊደሉ ላይ ደግሞ ብዙ መልካም ሥራ ይበላሻል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደሉ በየትኛውም ኮምፒውተር ያው ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው ሥርዓት፣ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ከፒዲኤፍ ቀድቶ ለመተርጎምም አያመችም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጠቀሙ፤ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ፎንቱን ራሱን ከፋይሉ ጋር ማደል ትችላላችሁ። የማይክሮሶፍቱን ፎንት ኒያላን እንዲህ ማደል አይቻልም። ለጀማሪ አንባቢ 24 ነጥብ የፊደል መጠን ይስማማል። አራት ነጥብ (።) የተመታበትንም ተመልከቱ፦ ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን (፡) ሁለቴ ይመታል። ለዓይን ያው ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንድ ምልክት ሳይሆን ሁለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈልጎ በትክክለኛው አራት ነጥብ መተካት ነው።

ሦስት ነገር አንድ ላይ ልቀቁ፦ ለማተም የሚሆነውን ፒዲኤፍ፣ ሊታረም የሚችለውን የዎርድ ወይም የኦዲቲ (የሊብሬኦፊስ) ፋይል፣ ሥዕሎቹን ለየብቻ። ገጾቹን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ጥራታቸው ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ላኩ። ከቴሌግራም ውጭም የህንዱ ፕራታም ቡክስ የሚያስተዳድረው ስቶሪዊቨርና የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባሉት ድረ ገጾች የልጆች ታሪክ ይቀበላሉ፤ ተርጓሚዎች እዚያው ሆነው ይሠራሉ። የፊደል ግድፈት ያገኘ ሰው የሚጽፍበት ኢሜይል ገጽ 2 ላይ አስቀምጡ፤ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ደግሞ «እትም 1.1» ብላችሁ ቁጥር ስጡት፤ እርማት በገባ ቁጥር ቁጥሩን ጨምሩ። የተበተነው አሮጌ ቅጂ አይሰበሰብምና አስተማሪዋ የያዘችው የትኛው እንደሆነ የምታውቀው በዚያ ቁጥር ነው።