«ቧንቧውን አስቀምጠው»

ጠረጴዛችን ላይ ያለው የአንድ አሮጌ ሞተርሳይክል ሞተር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ለዓመታት ቆሟል። የአባቱ ስለሆነ ባለቤቱ በሌላ መለወጥ አይፈልግም። አብዛኛው ሥራ ቀላል ነበር። ያስቸገሩን ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ስታዶች ናቸው። ጭንቅላት የሌላቸው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያላቸው ብሎኖች ማለት ነው። አንዱ ዝጓል እንጂ ሙሉ ነው። ሌላውን ከእኛ በፊት የነካው ሰው ሰብሮታል። ከቴስታታው ብቅ ያለው ቁራጭ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በሙሉው ጀመረ። ሁለት ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቅ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ቀለበት) አስገብቶ እርስ በርስ ቆለፋቸው፤ የውስጠኛውን በመፍቻ ያዘ። ንቅንቅ የለም።

«ጋሼ፣ ቧንቧ ሰክቼ መፍቻውን ላስረዝመው?» አለኝ። ሳልመልስለት ቧንቧውን ይዞት መጣ።

«አስቀምጠው» አልኩት።

መፍቻ ሲረዝም እጅ ስሜቱን ያጣል። ስታዱ እየተፈታ ይሁን እየተጠመዘዘ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው የተሰበረውም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ቦታ የሚይዘው ተራ ዝገት ብቻ አይደለም። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጥራል። ዘይት ቢያድርበትም እስከ ታች ለመዝለቅ ይቸገራል።

መፍትሔው ሙቀት ነው። እኩል ሲሞቁ አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ቢጨምር፣ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ የሚገኘው ልዩነት ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለተያዘ ጥርስ ግን ይህ ብዙ ነው። የሚሞቀው ታዲያ ስታዱ ሳይሆን ዙሪያው ነው።

ዘይቱን ጠረግን፣ ቤንዚንና ጨርቅ አራቅን፣ እሳቱን ለኮስን። ልጁ ነበልባሉን አንድ ቦታ ላይ ሲያቆመው እጁን ይዤ አንቀሳቀስኩት። ይህን ሁሉም ጀማሪ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ እንደ ቴስታታው ያለ ቅይጥ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ መቅለጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊትም ጥንካሬውን ያጣል። እኛ የውሃ ጠብታ ወዲያው ጭሽ ብሎ እስኪተን ጠብቀን ጥቂት ጨመርን።

«አሁን ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርገው» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ገፋ አደረገው፤ ሲጢጥ አለ። ያ ድምፅ ሲሰማ ሰው ይቸኩላል፤ ስታድ የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ወደሚፈታበት፣ መልሶ ወደሚጠብቅበት፣ እንደገና ትንሽ። ሲከብድ መመለስ፣ ሲቀዘቅዝ ማሞቅ። ከነነጭ ዱቄቱ ወጣ።

ለተሰበረው ብዙዎች መሃሉን በስተው ጠምዛዛ ማውጫ ይሰኩበታል። ዝም ብሎ ለተሰበረ ብሎን ጥሩ ነው። ለተያዘ ግን አልስማማም። ማውጫው በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ (መብሻ) አይበሳውም፤ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

እኛ ቁራጩ ላይ ዳዶ አስቀምጠን በዳዶው ቀዳዳ በኩል በየድነው። የብረት ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር በደንብ ስለማይያያዝ የቴስታታው ጥርስ አይነካም። እዚህ ሙቀቱ የሚሠራው በተቃራኒ ነው። ስታዱ ራሱ ግሎ ይሰፋና ዱቄቱን ይደቁሰዋል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ ፍም እንደሆነ መፍታት አያስፈልግም፤ መታገስ ነው። የመጀመሪያው ብየዳ ለቀቀ። ቁራጩን አጽድተን ሌላ ዳዶ በየድን። ልጁ ማንም ሳይነግረው መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ገፋው፤ ከዚያ ቀስ እያለ አወጣው።

የቀዳዳዎቹን ጥርስ በእጅ አጸዳን። አዲሶቹን ስታዶች የመዳብ ቅባት ቀብተን አስገባን። ለማርሚታው የነሐስ ዳዶ መረጥን፤ ከብረት ስታድ ጋር ዝጎ አይጣበቅም። ባለቤቱንም ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንዲመጣ ነገርነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) በሙቀት ስለሚጨመቅ ዳዶዎቹ መታየት አለባቸው።